አንድ መዝገብ፣ ሁለት ቢሮ

ለዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርት ቀራጮች፣
ለታሪክና ለሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ታሪክንና ሶሲዮሎጂን አጣምሮ የሚያስተምር የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲከፈት ስለመጠየቅ



የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንደኛ ዓመቷን ልትጨርስ ነው። ባለፈው እሑድ ማታ ደወለችልኝ። የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ደርሷቸዋል፤ እስከ ዓርብ ሞልተው መመለስ አለባቸው። «ጋሼ፣ ታሪክን ላስቀድም ወይስ ሶሲዮሎጂን?» አለችኝ። ታሪክን የወደደችው በእኔ ጉትጎታ ነው፣ ሶሲዮሎጂን ግን በራሷ። «ሁለቱንም አይሆንም?» ብላት ሳቀች። «መሙላትማ ይቻላል፣ አንደኛ ሁለተኛ ብሎ። መማር ነው የማይቻለው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ሳቋ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህንኑ ጥያቄ እኔም ከሃያ ዓመት በፊት ጠይቄው ነበር፤ መልስ ሳላገኝ ተመርቄ፣ ይኸው የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ሆኜ ጸጉሬ ሸበተ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለእሷ ለዘንድሮ እንደማይደርስላት እያወቅሁ ነው።

ነገሩን ከመዝገቡ ልጀምር።

አያቴ የእድር ጸሐፊ ነበሩ። ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የአንድ እድር መዝገብ በእሳቸው እጅ ነበር። ሲሞቱ ከአልጋቸው ሥር የብረት ሣጥን ወጣ፤ ውስጡ ሞልተው የተዘጉ ሁለት መዝገቦች። ሦስተኛው ገና ስላላለቀ አዲሱ ጸሐፊ ወሰደው፤ ሲሞላ ግን ለእናቴ አምጥቶ መለሰላት። የመጀመሪያው በ1957 ዓ.ም. ይጀምራል። ሽፋናቸው ጠንካራ ካርቶን ነው፣ ጀርባቸው በቀይ ጨርቅ የተለበደ። ገጹ ሁሉ በማስመሪያ ተሰምሮ በአምስት ዓምድ ተከፍሏል፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ምርመራ። መዋጮው በወር ሃምሳ ሳንቲም ነው። ቀብር ሳይወጣ የቀረ ሃያ አምስት ሳንቲም ይቀጣል፣ በስብሰባ ላይ ሰው የተሳደበ ግን አንድ ብር። በየዓመቱ መጨረሻ የንብረት ቆጠራ አለ፦ ድንኳን አንድ፣ ጡሩምባ አንድ፣ ብረት ድስት አራት፣ ብርጭቆ ስምንት ደርዘን፣ «የጎደለ ሦስት»።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጬ አነበብኋቸው። መጀመሪያ ያየሁት ማዕረጉን ነው። እስከ 1966 ድረስ ባላምባራሱም፣ ግራዝማቹም፣ ሃምሳ አለቃውም በየማዕረጉ ተጽፏል። በ1967 ማዕረጉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋና ሁሉም «አቶ» ይሆናል። ሁለት ቦታ ላይ «ጓድ» ተጽፎ ተሰርዟል። ያ ዓመት የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት ዓመት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከስሙ ጎን የቀበሌና የቤት ቁጥር መግባት ይጀምራል። ቀድሞ «ከወፍጮ ቤቱ በላይ» ይባል የነበረው ሰው ቁጥር ተሰጠው። ሴቶቹ ደግሞ «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብለው ቆይተው በራሳቸው ስም የሚጻፉት ባል ሲሞት ነው፤ ያውም ከአርባው በኋላ።

ይህን ሁሉ እያየሁ ስሄድ በ1970 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ቆምሁ። በምርመራው ዓምድ፣ በሦስት ቤት ትይዩ፣ አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ «ልጅ። ድንኳን አልወጣም።»

ድንኳኑ ለምን እንዳልወጣ በዚያ ዘመን ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በቀይ ሽብር ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አስከሬን መረከብም፣ ለቅሶ መቀመጥም ተከልክሏል፤ የጥይት ዋጋ ክፈል የተባለም አለ። እኔን የገረመኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ለሦስቱም ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድሳ ስድሳ ብር ወጪ ሆኗል፤ ምክንያቱ «ለቤት እድሳት» ይላል። መዝገቦቹን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኋቸው። እድሩ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የማንንም ቤት አድሶ አያውቅም። ስድሳ ብር ደግሞ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ለልጅ ሞት የተቆረጠው ገንዘብ ነው።

አያቴ መዝገቡ ላይ ዋሽተዋል። ሰውዬው ሃምሳ ሳንቲም ጎደለች ብለው እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ነበሩ።

መዝገቡ መዋሸቱን እንዳውቅ ያደረገኝ የታሪክ ትምህርቴ ነው። ምንጭ ያለውን ሁሉ እንዳታምን፣ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ማንን ፈርቶ ጻፈው ብለህ ጠይቅ፣ ቁጥርን ከቁጥር አስተያይ ተብዬ ስለተማርሁ ነው ስድሳውን ከስድሳ ያገናኘሁት። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ጠፋኝ። ሥራው ሰው መቅበር ብቻ የሆነ ማኅበር መቅበር ሲከለከል ምን ይሆናል? «እድሳት» የሚለውን ቃል ማን አመጣው? ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ሦስት ብቻ ሆነው ተማከሩ ወይስ መቶ ሃያው አባል ሁሉ አውቆ ዝም አለ? ከአባላቱ አንዱ የቀበሌ ሹም ነበር፤ በዚያው ወር እንደ ሰው መዋጮውን ከፍሏል፣ ስሙ ከአንደኛው ሟች አባት ስም ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፏል። እሱስ ያውቅ ነበር? ቢያውቅ ለምን ዝም አለ? እነዚህ ስለ መተማመን፣ ስለ ግዴታ፣ ስለ ይሉኝታና ስለ ፍርሃት የሚጠይቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚጠየቁበትና የሚመለሱበት ብልሃት ያለውም ኮሪደሩን አለፍ ብሎ ባለው ሌላው ትምህርት ክፍል ነው።

መዝገቡን በፌስታል ጠቅልዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ወደሚያማክሩኝ የታሪክ መምህር ሄድሁ። ዩኒቨርሲቲውን መጥራት አያስፈልግም፤ ነገሩ የትም ሊሆን ይችል ነበር። ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ። «ይሄ የሶሲዮሎጂ ነገር ነው። እድር፣ እቁብ... እኛ ጋ አያስኬድም» አሉኝ። ወደ ሶሲዮሎጂው ተሻገርሁ። የዚያኛው ክፍል መምህር ደግሞ «ይሄማ የሞተ ሰነድ ነው፣ ታሪክ ነው» አሉ። «አሁን ያለ እድር ፈልግ፣ መጠይቅ አዘጋጅ፣ ሃምሳ ሰው ሙላና ና።» ሁለቱም ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሻይ ቤት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱም የየክፍላቸውን ደንብ ነው የነገሩኝ። እኔም መዝገቡን ወደ ሣጥኑ መልሼ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ስለጻፈበት አንድ ጦርነት ጽፌ ተመረቅሁ። ቢ ፕላስ አገኘሁ።

ይህ አጥር ከጥንት የነበረ እንዳይመስላችሁ። አባ ባሕርይ የተባሉት መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1593 ስለ ኦሮሞ መስፋፋት በግዕዝ የጻፏትን አጭር ድርሰት አስቡ። አባ ባሕርይ የጋሞ ሰው ናቸው፤ አገራቸው ተወርሮ ንብረታቸው ተዘርፏል። ስለዚህ ድርሰቷ ምሬትም ወገንተኝነትም አለባት፤ ዛሬ ማንም ተማሪ ሳይመረምር እንዲቀበላት አልመክርም። ነገር ግን ምሬታቸው ዓይናቸውን አልጋረደውም። በየስምንት ዓመቱ የሚፈራረቀውን የገዳ ምድብ፣ ሉባን፣ በየስሙ ጠርተው፣ የትኛው በየት በኩል እንደዘመተ በተራ አስቀመጡ። እስከዚህ ታሪክ ነው። ቀጥለው ደግሞ በዘመኑ ሊቃውንት አፍ ይዘዋወር የነበረውን ጥያቄ አነሡ፦ ብዙ ሆነን፣ መሣሪያም ሳናጣ፣ እንዴት ተሸነፍን? አንዳንዱ ስለ ኃጢአታችን ነው ይላል ብለው ጻፉ። ሌላው መልስ ግን ያስደንቃል። ሕዝባችን በአሥር ክፍል የተከፈለ ስለሆነ ነው የሚል ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ጦርነት አይወጣም። መነኩሴው፣ ደብተራው፣ ባለርስቱ ሽማግሌ፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ አዝማሪው፣ ሁሉም ከዘመቻ የሚቀርበት ምክንያት አለው። የሚዋጋው አሥረኛው ብቻ ነው። በወዲያኛው ወገን ግን የሚቀር የለም።

ልብ በሉ፤ ሶሲዮሎጂ የሚለው ቃል አውሮፓ ውስጥ ሊለመድ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። መነኩሴው የአንድን ጦርነት ውጤት በኅብረተሰብ አደረጃጀት ለማስረዳት ሞከሩ። ዛሬ ተማሪ ሆነው ቢመጡ የትኛው ቢሮ ይቀበላቸዋል? የታሪኩ ክፍል «አሥሩን ክፍል አውጣና የዘመቻውን ቅደም ተከተል አስቀር» ይላቸዋል፤ የሶሲዮሎጂው «ዘመቻውን አውጣና ናሙናህን አሳይ»። ደግነቱ ድርሰቷ ራሷ አጥር አታውቅም። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናታቸው፣ የታሪክ ምሁሩ መሐመድ ሐሰን ደግሞ በ1990 ባሳተሙት የኦሮሞ ታሪካቸው፣ ሁለቱም ከእሷ ቀድተዋል። አስመሮም ለጥናታቸው ቦረና ወርደው በሕይወት ካለው ሥርዓት ጋር ኖረዋል። አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ሙያ፤ የተጣላም የለም።

ከውጭ ብዙ ማምጣት አልፈልግም፣ እናንተው ታስተምሩታላችሁ። ማክስ ቬበር ሶሲዮሎጂስት ከመባሉ በፊት እ.ኤ.አ. በ1889 የዶክትሬት ጽሑፉን የጻፈው ስለ መካከለኛው ዘመን የንግድ ሽርክና ነው። ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ያገኘው በታሪክ ነው፣ ስለ ባሪያ ንግድ መታገድ ጽፎ፤ በአራተኛው ዓመት ደግሞ በፊላደልፊያ የጥቁሮችን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ ጠይቆ መጽሐፍ አወጣ። የታሪክ ዶክተሩ በሩን አንኳኩቶ «ኪራይ ስንት ትከፍላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አላሳፈረውም። በብሪታንያ እንደ ዋርዊክና ማንቸስተር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን አጣምረው በአንድ ዲግሪ ሲያስተምሩ ጉድ ያለ የለም።

የራሳችንም ሰዎች አሉ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ በትግራይ፣ በባሌና በጎጃም የተነሡትን የገበሬ አመፆች ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲጽፉ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ይዘው አልተቀመጡም፤ መሬት በማን እጅ ነበር፣ ግብሩን ማን ሰበሰበው፣ ጎጃሜውን ያስነሣው ነገር ባሌን ካስነሣው በምን ይለያል ብለው ነው የጠየቁት። ዶናልድ ሌቪን በአንጻሩ የቺካጎ ሶሲዮሎጂስት ነበሩ፤ መንዝ ተቀምጠው ያዩትን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት መጽሐፍ ግን ያለ ታሪክ አንድ እርምጃ አይራመድም። ከድምዳሜያቸው ብዙውን አልቀበልም፤ ያ ሌላ ደብዳቤ ነው። ፓንክኸርስቶችንም ሳስብ ፈገግ እላለሁ። አባት ሪቻርድ የታሪክ ሰው፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር፤ ልጅ አሉላ የሶሻል አንትሮፖሎጂ ባለሙያ፣ ስለ ሰፈራም ስለ እድርም የጻፉ። በአንድ ቤት ማዕድ ላይ የተስማማ ነገር በአንድ ኮሪደር ላይ ይጣላል ማለት ምን ማለት ነው?

እድርን ካነሣሁ ዘንድ፦ እድር መቼና በማን ተጀመረ የሚለው ራሱ አከራካሪ ነው። አንዳንዱ ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱ ጉራጌዎች ጋር ያያይዘዋል፣ አንዳንዱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር። ክርክሩ የሚፈታው በቢሮ አይደለም፤ መዝገብ ማንበብ በሚችልና ሽማግሌ ማነጋገር በሚችል አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰው ቢሆን፣ አንዱ የመዝገቡን ውሸት ሳያውቅ ሽማግሌውን ያምናል፣ ሌላው ሽማግሌውን ሳይሰማ መዝገቡን ያምናል።

አሁን ያለውን ሁኔታ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የመጣው የሰባ ሠላሳ ድልድል ከመቶው ተማሪ 70ውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ መራ። ከማኅበራዊ ሳይንሱ ውስጥ ደግሞ ሕግና ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንትና አካውንቲንግ መጀመሪያ ይመረጣሉ፤ ታሪክ የሚደርሰው ሌላ ያልደረሰው ነው። በፍላጎት የመጣ ተማሪ ጥቂት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ «ምን አድርጌ እዚህ ጣላችሁኝ» የሚል ፊት ይዞ ነው፤ ያንን ፊት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምርም አየዋለሁ። በሶሲዮሎጂ በኩል ተመራቂው መጠይቅ አስሞልቶ፣ ፎከስ ግሩፕ አወያይቶ፣ የፕሮጀክት ሪፖርት መጻፍ ይችላል። ሪፖርቱን ግን አንብቡት። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ታሪካዊ ዳራ» የሚል ግማሽ ገጽ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሪፖርት የተገለበጠ ነው፣ ያኛውም ከሌላ። ወረዳው ከሃምሳ ዓመት በፊት ማን ይኖርበት እንደነበር፣ መሬቱ ስንት ጊዜ እንደተሸነሸነ ሳያውቁ «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ አነስተኛ ነው» ብለው ይዘጉታል። አርሶ አደሩ ለስብሰባ ያልመጣው በደርግ ጊዜ ተሰብሰብ ተብሎ መንደር ምሥረታ የገባበትን ቀን አስታውሶ ቢሆንስ?

በ2012 የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር። የእህቴ ልጅ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክንም፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂንም በአንድ ዓመት ወሰደች። ሞጁሎቹን አሳየችኝ፤ የታሪኩ ብዙ አነጋግሮ የመጣ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ አንዱ የሌላውን መኖር የሚያውቅ አይመስልም። ስለ አንድ አገር፣ ለአንድ ተማሪ፣ በአንድ ዓመት የተጻፉ ናቸው። «ግንኙነታቸውን መምህሩ ነገራችሁ?» ብላት «ጋሼ፣ የተለያየ ሰው ነው'ኮ የሚያስተምረን» አለችኝ።

ከክፍሌ አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ዐምና ስለ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ እያስተማርሁ ሳለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መሬቱ ከተወሰደ በኋላ አያቴ ባለመሬት የነበረውን ሰውዬ እስከሚሞት ድረስ ጌታዬ ነበር የምትለው። ለምን?» ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም በሃያ ዓመት ማስተማር የተጠየቅሁት ምርጥ ጥያቄ ነው። አዋጅ በአንድ ቀን ይወጣል። «ጌታዬ» የሚለው ቃል ከአንደበት ለመውጣት ስንት ዓመት ይፈጃል? ምን ያቆየዋል? ልጁ መጽሐፉ ላይ የሌለውን ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም የምችለውን ያህል ዘባርቄ ደወል አዳነኝ።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። አዲስ ሕንፃ አይደለም፣ አዲስ በጀትም ብዙ አያስፈልገውም። ያሉት ሁለት ክፍሎች በአንድ ላይ የሚያስመርቁት ተማሪ ይኑራቸው። ከሁለቱም ዋና ዋናውን ይውሰድ፤ አድዋንም የሶሲዮሎጂውን ዱርካይምንም ይማር። የታሪኩ ልጅ ስታትስቲክስን አይሽሽ። የሶሲዮሎጂው ልጅ የድሮ የእጅ ጽሕፈት፣ ቢቻል ትንሽ ግዕዝ ይልመድ፤ የአያቴን «ሐ» እና «ኀ» ለመለየት እኔ ራሴ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። ከሁሉ በላይ የመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ይሁን፣ አማካሪው ግን ሁለት፤ ሁለቱም ካልፈረሙ አይለፍ። ጭቅጭቅ ይኖራል። ይኑር፤ ልጁ ከሁሉም የሚማረው ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። አንደኛው «ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል» ነው፤ ታሪኩንም ሶሲዮሎጂውንም ሳይጨብጥ ይወጣል። ስጋቱ የዋዛ አይደለም። ከዚህ አራት ኮርስ፣ ከዚያ አራት ኮርስ ተለቅሞ እንደ ድሪቶ ከተሰፋ በእርግጥ ጎመኑ ይጠፋል። እኔ ግን የአገሬ ሰው ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን እመርጣለሁ፤ በተለይ ለሥራ ፈላጊ። የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎችን አይታችሁ ከሆነ «በታሪክ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚለው ሐረግ አዲስ አይሆንባችሁም። ቀጣሪው ሳያውቅ አጣምሮታል።

ሁለተኛው መልስ የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ በየትምህርት መስኩ ሀገር አቀፍ ፈተና ይወስዳል፤ ጥምር ተማሪ የትኛውን ይፈተን? አላቃልለውም። ግን ፈተና የሚዘጋጀው ለትምህርቱ ነው እንጂ ትምህርቱ ለፈተናው አይመስለኝም። ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ጥያቄ ማውጣት የሚያቅታችሁ ሰዎች አይደላችሁም።

ሦስተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይለውም፤ መምህራን ወዳጆቼ ግን በሹክሹክታ ነግረውኛል፦ የማስተማር ድርሻ፣ ሎድ። ተማሪው የማን ነው? ክሬዲት አወሩ ለየትኛው ክፍል ይቆጠራል? ሁለት አማካሪ ካለ ክፍያው ለማን ነው? እውነቱን ለመናገር፣ መዝገቤን ከቢሮ ቢሮ ያንከራተተው የሊቃውንት ክርክር ሳይሆን ይኸው ይመስለኛል። ይህ ደግሞ በአንድ የሴኔት ስብሰባ፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

አጣደፈኝ ካላችሁ ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት እየፈረሰችና እየተሠራች ነው። ፒያሳም ካዛንቺስም ይኖር የነበረው ሰው በየዳርቻው ተበትኗል። ልማቱ ይበጃል አይበጅም የሚለውን ለሌላ ሰው ልተወው። ሰፈር ሲነሣ ግን እድሩ አብሮ ይነሣል፤ የእድሩ ድንኳን ይሸጣል ወይ ይከፋፈላል፤ ብርጭቆውም እንዲሁ። መዝገቡን የሚፈልገው የለም። ባለፈው ዓመት ቤተ ዘመድ ዕቃ ሲያወርድ አግዤ፣ ሦስት የእድር መዝገብ ከአሮጌ ጫማ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ተጥሎ አገኘሁ። ለቆራሌው የተዘጋጀ ነው። አወጣኋቸው። በእነዚያ ገጾች ውስጥ የ1970 ጥር እንዴት እንደተጻፈ ገና አላየሁም፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ ጊዜም የለኝም። ሃያ ተማሪ ቢኖረኝ፣ ሃያ ሰፈር ልኬ፣ መዝገቡን ከነባለቤቱ፣ ወረቀቱን ከነትዝታው ይዘው እንዲመጡ ባደረግሁ ነበር ስል አስባለሁ። እናንተ ግን ሃያ ብቻ አይደለም ያላችሁ።

የእህቴ ልጅ ሐሙስ ማታ ቅጹን ሞላች። የትኛውን እንዳስቀደመች አልናገርም፤ ያው አንዱን ነው። ቅዳሜ ግን ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ትመጣለች። ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ ልናነሣ ተቀጣጥረናል፤ እኔ እገልጣለሁ፣ እሷ ታነሣለች። «እድሳት» የሚለው ገጽ ላይ ምልክት አድርጌላታለሁ።

ሌላም ምልክት አለ፣ በሦስተኛው መዝገብ መጨረሻ አካባቢ፣ 1988 ዓ.ም. ኅዳር። ጽሕፈቱ የአያቴ አይደለም፤ የአዲሱ ጸሐፊ ነው፣ ፊደሉ ትልልቅና ያልለመደ። በስም ዓምድ የአያቴ ስም አለ። መዋጮ፦ የተከፈለ። ቅጣት፦ የለም። ምርመራ፦ «ድንኳን ወጥቷል።»

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ እድር ጸሐፊ የልጅ ልጅ
አዲስ አበባ